የመኪና ባትሪ በበረዶ ወራት

በመኪና ውስጥ ከሚገኙ ዕቃዎች ሁሉ በብርቱ ቅዝቃዜ ቀድሞ የሚፈተነው ባትሪው ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ባትሪ፣ የመኪና ሞተር በእጅ መዘወሪያ መነሣቱ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከተገጠመ ወዲህ ከመኪና የማይለይ አካል ሆኗል። ዋና ሥራውም ሞተሪኖ ለሚባለው፣ ሞተሩን አዙሮ ለሚያስነሣው መሣሪያ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍተኛ ኃይል መስጠት ነው።

ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ስድስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ በየክፍሉ በውሃ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ የተነከሩ የእርሳስ ሰሌዳዎች ይገኛሉ። ባትሪው ኃይል በሰጠ ቁጥር የአሲዱ ሰልፌት ወደ ሰሌዳዎቹ ስለሚገባ ፈሳሹ እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሰልፌቱ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። የበረዶ ወራት ጥንቃቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ የማይረጋ ሲሆን፣ ኃይሉ የተሟጠጠው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካው የሚኒሶታ ግዛት የጥር ሌሊት ከዚህ እጅግ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ያደረ መኪና ባትሪው በረዶ ሆኖና አብጦ ሊገኝ ይችላል።

ባይረጋም እንኳ ቅዝቃዜው ኬሚካዊውን ሂደት ስለሚያዘገየው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪው የሚሰጠው ኃይል በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ሞተሪኖውን ያስጨንቀዋል። በባትሪው ላይ የሚጻፈው በቅዝቃዜ የማስነሣት አቅም የሚለካውም በዚሁ ሙቀት ነው፦ ቮልቱ ከ7.2 ሳይወርድ ለ30 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለው አምፒር ነው። የሚገርመው፣ ሰሌዳዎቹን በይበልጥ የሚጎዳው ብርዱ ሳይሆን የበጋው ሙቀት መሆኑ ነው፤ ብርዱ የሚሠራው የተጎዳውን ማጋለጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ባትሪን ማስመርመር የሚገባው በረዶው ከመውረዱ በፊት ነው።

መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ በቮልት መለኪያ ሲታይ ወደ 12.6 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ግን ቻርጅ ሊደረግ ይገባዋል። በየዕለቱ ለአጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሞተሪኖው የወሰደውን ሳይተካ ስለሚቆም፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ረዘም ላለ መንገድ ቢነዳ ወይም በቤት ቻርጀር ቢሞላ ይሻላል። በባትሪው ራስ ላይ የሚታየው ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ኃይል እንዳይተላለፍ ስለሚያግድ፣ መጀመሪያ የኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩ ገመድ ተፈትቶ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ይታጠባል፤ ሲታሰር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

ከሌላ መኪና ኃይል በሚወሰድበት ጊዜ የመጨረሻው ጥቁር ገመድ የሚያያዘው ከደከመው ባትሪ ራስ ሳይሆን ራቅ ካለ የሞተር ብረት ላይ ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ በገመዱ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላልና። የረጋን ባትሪ ቻርጅ ማድረግም ሆነ በሌላ መኪና ለማስነሣት መሞከር አደገኛ ነው። ሙቀት ባለበት ቦታ ቀስ ብሎ ከሟሟ በኋላ ሳጥኑ ይመረመራል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ አይጣልም፣ ለሻጩ ይመለሳል እንጂ፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ መለዋወጫ መደብሮችም ለአሮጌው ባትሪ ያስያዙትን ገንዘብ መልሰው ይከፍላሉ።