ሱቅ ሲዘጋ ፈቃዱም ይመለስ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ለነጋዴ ወገኖቼ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ያሰብሁትን ይህን አጭር ሐሳብ በአምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በሰፈራችን ቅጽ የሚሞላና ማመልከቻ የሚጽፍ ሲታጣ ሰዎች ወደ እኔ ስለሚመጡ፥ የትንንሽ ነጋዴዎችን ችግር በቅርብ ለማየት ችያለሁ። ከእነርሱም አንዱ ልብስ ሰፊ ነው። ይህ ሰው ታመመና ሱቁን ዘጋ፤ የስፌት መኪናውንም ሸጦ ታከመበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ድኖ ሥራ ሊጀምር ቢሄድ፥ የቀድሞው ፈቃድ ስላልተመለሰ፥ መርፌ ላልጨበጠባቸው ዓመታት ግብርና ቅጣት ተቆጥሮ ጠበቀው። «ቁልፉን ለባለቤቱ ካስረከብሁ ወዲያ ምን ቀረኝ?» ሲል ጠየቀኝ። የቀረውስ ወረቀቱ ነበር።

በሕግ ፊት ግለሰብ ነጋዴና ንግዱ አንድ ናቸው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቋሙ ሰዎች በመሠረቱ የሚጠየቁት ባዋጡት መጠን ሲሆን፥ የግለሰብ ነጋዴ ዕዳ ግን እስከ ቤቱ ዕቃ ድረስ ይከተለዋል። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 980 መሠረት በንግድ መዝገብ ተመዝግቦ ፈቃድ ያወጣ ሰው፥ ሥራውን ሲተው ፈቃዱን መመለስ፥ ለግብር መሥሪያ ቤትም ማስታወቅ ይገባዋል። በር መዝጋት ብቻ ከመዝገብ አያሰርዝም።

የግብሩም ደረጃ መታወቅ አለበት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ነጋዴውን በሦስት ደረጃ ይከፍለው ነበር፤ የ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ግን ወደ ሁለት አውርዶታል። የዓመት ገቢው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ነጋዴ በደረጃ «ለ» ውስጥ ሆኖ ግብሩ በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ይሰላል። እንግዲህ የዕለት ሽያጩን በደብተር ያልጻፈ ሰው ግምት ሲበዛበት በምን ይከራከራል? እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የገባና የወጣውን ሳንጽፍ አንተኛም ነበር፤ ልማዱ ለሱቅም ይበጃል።

ግብር መክፈል የዜጋ ግዴታ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጡት መሥሪያ ቤቶች፥ ፈቃዱን በሚያስረክቡበት ቀን፥ አመላለሱንም በአንድ ገጽ ጽፈው ቢሰጡ ምን ይከብዳቸዋል? ታሞ መሥራት ያቃተውም የሐኪም ማስረጃ ሲያቀርብ ጉዳዩ በርኅራኄ ቢታይለት መንግሥት ግብር ከፋዩን ያተርፋል እንጂ አይጎዳም። ነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼም ሱቃችሁን ስትዘጉ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፥ በዚያው ሰሞን ፈቃዳችሁን መልሱ፤ የመለሳችሁበትንም ማስረጃ ተቀብላችሁ አስቀምጡ።

አክባሪዎ፥
አንድ መምህር