በብርድ ጧት ስለ መሮጥ

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ከጧቱ 12 ሰዓት በፊት በጃን ሜዳ በኩል የሚያልፍ ሰው፣ በጭለማው ውስጥ ሣሩን እየረገጡ የሚሮጡ ወጣቶችን ሳያይ አይቀርም። ከእነርሱ መካከል ስመ ጥር ሯጭ ለመሆን የሚደክሙ አሉ። ሌሎቹ ግን ቀኑን ሙሉ በመማሪያ ክፍል ወይም በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለሚውሉ ሰውነታቸውን ለማፍታታት የወጡ ናቸው። ይህን የምንጽፈው ስለ እነዚህኞቹ ነው።

ጀማሪው ከቤት ሲወጣ ምክር አያጣም። እናቱ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ሳንባህን ብርድ ይመታሃል፤ ይህን ደርብ» ይሉታል። እርሱም ወፍራም ሹራቡን፣ በላዩም ካፖርቱን ይደርባል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነውና አይናቅም፤ ዳሩ ግን ግማሹ ስሕተት ነው። አየር በአፍንጫና በጉሮሮ ሲያልፍ ሞቆና ረጥቦ ስለሚደርስ የአዲስ አበባ ብርድ የጤነኛን ሰው ሳንባ አይጎዳም። የሳንባ ምችንም የሚያመጡት የበሽታ ተሕዋስያን ናቸው። ጉሮሮን የሚከረክረው የአየሩ ደረቅነት ስለ ሆነ አፍን በስስ ሻርፕ ሸፍኖ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች በዝግታ መሮጥ ይበቃል። አስም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

እውነተኛው ጠላት እርጥበት ነው። በሩጫ ጊዜ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ያ በሹራብና በካፖርት የተጀቦነው ወጣት ብዙ ሳይርቅ በላብ ይታጠባል። ውሃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። እየሮጠ ሳለ ይህ አይታወቀውም፤ ቆሞ ከጓደኛው ጋር ጨዋታ ሲጀምር ነው ጀርባው እንደ በረዶ የሚቀዘቅዘው። የጥጥ ካናቴራም ላብ ጠጥቶ ስለሚይዝ ለዚህ ነገር አይሆንም፤ ስስ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ይሻላል። ከደጃፍ ሲወጡ ጥቂት ሊበርድ ይገባል። እዚያው የሞቀው ሰው ልብስ አብዝቷል።

በእንጦጦ ይህ ነገር ይብሳል። ዳገቱ ያልባል፣ ቁልቁለቱ ያበርዳል። ስለዚህ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት በወገብ አስሮ መውጣትና ለመመለሻ መልበስ መልካም ነው። (ስለ ጅቡ ጉዳይ ምክራችን አንድ ነው፤ ብቻን አለመውጣት።)

ውሃና ነፋስ ሲተባበሩ ምን እንደሚያደርጉ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ማራቶን ታይቷል። በዚያን ቀን ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ነበረ፤ ዝናቡም ነፋሱም ከፊት ለፊት ይመታ ነበር። ብዙ ስመ ጥር ሯጮች አቋርጠው ወጡ። ከሴቶች ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ፈጀች። ከወንዶች ያሸነፈው ዩኪ ካዋውቺ ደግሞ በጃፓን አገር በሳይታማ የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበረ፤ ልምምዱን የሚያደርገው ከሥራው ሰዓት ውጭ ነበር። ከሦስት ወር ተኩል ያህል በፊት በዚያው በማሳቹሴትስ ውስጥ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በሚበልጥ ብርድ ማራቶን ሮጦ ነበርና የቦስተኑ ዝናብ አላስደነገጠውም። ለትምህርት ወደ እንዲህ ያለ አገር የሚሄድ ተማሪ ጆሮውንና ጣቶቹን ይሸፍን፤ ሲሄድ ነፋሱን በፊቱ፣ ላብ ይዞት ሲመለስ በጀርባው ያድርገው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በጭለማ በመኪና መንገድ ዳር የሚሮጥ ሰው ነጭ ይልበስ፤ መኪናውንም ፊት ለፊት እያየ ይሩጥ። ይህ ከብርዱ ሁሉ ይበልጣል። በብርድ ጊዜ ጥም ባይሰማም ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

እናት የሰጡትን ሹራብ ግን መመለስ አያሻም። በላስቲክ ተጠቅልሎ ከደረቅ ካናቴራ ጋር በሜዳው ዳር ይቀመጥ። ሩጫው እንዳበቃ፣ ሻይና ጨዋታ ሳይጀመር፣ እርጥቡ ወልቆ እርሱ ይለበሳል።