ባሕር ዳር፦ ዓባይ ገደል ሳይገባ የሠራት ከተማ

ለእኛ ለጎንቻ ሰዎች ዓባይ ማለት ቆላ ማለት ነው። ከጉንደ ወይን በስተሰሜን ወረዳችንን ከደቡብ ጎንደር የሚለየው ይኸው ወንዝ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚያልፍ ዳሩ ላይ ከተማ መቆርቆር አይታሰብም። ታዲያ በዚያው ወንዝ ዳር ባሕር ዳር እንዴት ትልቅ ከተማ ልትሆን ቻለች? መልሱ በአብዛኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ነው። እዚያ ሜዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ገደል የሚገባው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ለቤትና ለመንገድ የሚመች ሜዳ፣ ለመብራት የሚሆን ፏፏቴም በቅርብ አገኘች።

ባሕር ዳር ቀድሞ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረች መንደር ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአስተዳደርና የጦር ሰፈር ሆነች። በደንብ ያደገችው ግን በ1950ዎቹ ነው። በአሥርቱ መጀመሪያ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ጢስ ዓባይ ቁጥር 1 የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ዋና ደንበኛውም ያው ፋብሪካ ነበር። ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በነፃ አልተገኘም። በ1988 ዓ.ም. ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠረው የጨራ ጨራ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ሲጨመር አብዛኛው ውሃ ወደ ተርባይን ዞረና ፏፏቴው በበጋ እየቀጠነ መጣ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ማመንጫም ከሐይቁ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። እንግዲህ አንዱን ውሃ መብራቱ፣ ጎብኚው፣ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ይሻሙበታል ማለት ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል። ከተማዋ በወንዙ ግራና ቀኝ መስፋቷ አይቀርም። ያኔ የቤቱና የፋብሪካው ፍሳሽ ሳይጣራ ከተለቀቀ ወንዙ ይዞት የሚወርደው ወደ እኛው ቆላ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር የቆሻሻ ማጣሪያ ጉዳይ ከታች ያለነውንም ይመለከተናል።