የሎድ ሰማዕታት

ጎንደር ያደጉ አባቶችና እናቶች ጊዮርጊስን አይረሱትም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው በየወሩ በ23 የሚዘክሩት፣ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶ የሚወጋው እሱ ነው። መቃብሩ ነው የሚባለው ቦታ ግን እዚሁ ሎድ ውስጥ ነው።

በትውፊቱ እናቱ የልዳ ሰው ናት፤ ልዳ ማለት የዛሬዋ ሎድ ናት። የሮም ወታደር ሳለ፣ በፈረንጆች 303 ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ማሳደድ ሲጀምር፣ ለጣዖት አልሰግድም ብሎ ተገደለ ይላሉ። የኢትዮጵያው ገድል ነገሩን ያሰፋዋል፤ ንጉሡ ዱድያኖስ ነው፣ ስቃዩ ሰባት ዓመት ነው፣ ሦስት ጊዜ ሞቶ ይነሳል፣ ተፈጭቶም ይድራስ ተራራ ላይ ይበተናል። ዘንዶው እንኳ የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ የግሪክ ኦርቶዶክሶች ነው፤ በ1870ዎቹ በመስቀል ጦረኞች ፍርስራሽ ላይ ተሠራ። መቃብሩ ከሥር ነው። አጠገቡ ግድግዳ ለግድግዳ መስጊድ አለ፤ ሙስሊሞቹም ቅዱሱን አል ኸድር ብለው ያከብሩታል። ኖቬምበር 16 የሎድ በዓሉ ነው።

ሎድ ግን የራሳችን ሰማዕታትም አሏት እኮ፤ ታልሙድ «ሀሩጌ ሎድ» ይላቸዋል፣ በሎድ የተገደሉት ማለት ነው። ራሺ እንደሚተርከው የንጉሥ ልጅ ተገድላ ተገኘችና በአይሁድ ላይ ሞት ታወጀ። ጳፖስና ሉሊያኖስ የሚባሉ ወንድማማቾች ተነሥተው፣ እጃቸው ሳይኖርበት፣ የገደልናት እኛ ነን አሉ። እነሱ ሞቱ፣ ሕዝቡ ዳነ። በሚመጣው ዓለም እነሱ ካሉበት ደረጃ የሚደርስ ፍጡር የለም ይላሉ ጠቢባኑ።