ቁልፍ ሲዞር የሚበሩት የዳሽቦርድ መብራቶች

የመኪና ቁልፍ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የሚያርፍበት አንድ ደረጃ አለ። እዚያ ላይ አብዛኞቹ የማስጠንቀቂያ መብራቶች አንድ ላይ ይበራሉ። ይህ ብልሽት ሳይሆን ፍተሻ ነው። የኤርባግና የኤቢኤስ መብራቶች ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በራሳቸው ይጠፋሉ፤ የዘይትና የባትሪ መብራቶች ግን ሞተሩ እስኪነሳ ይቆያሉ፤ የዘይት ፓምፑና ዲናሞው የሚዞሩት ሞተሩ ሲዞር ነውና። ቁልፉን ሳያሳርፉ በቀጥታ ሞተሪኖውን የሚያዞሩ ሹፌሮች ይህን ፍተሻ ሳያዩት ያልፋሉ።

በፍተሻው ሊበራ ሲገባው ያልበራ መብራት፣ በርቶ ከቀረው ያላነሰ ነገር ይናገራል። አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ያገለገለ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ደግሞ ሆን ተብሎ የተነቀለበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ገዢ ሞተሩ ተነስቶ ከሚጠብቀው መኪና ይልቅ ቁልፉን ራሱ የሚያዞርበትን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ምልክቶቹ አይኤስኦ 2575 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተሠሩ በመሆናቸው፣ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በሚመላለሱት ኮሮላ፣ አይሱዙና ሲኖትራክ ላይ የዘይት ጣሳዋ ሥዕል አንድ ናት። ቀይ መብራት ባስቸኳይ መቆምን፣ ቢጫ ቶሎ ማስመርመርን ያመለክታል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ መረጃ ብቻ ናቸው።

ከቀዮቹ ሁሉ የዘይቱ ጊዜ አይሰጥም። የሚያሳየው የዘይቱን መጠን ሳይሆን ግፊቱን ነው፤ ሞተሩ ተነስቶ መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። የባትሪው መብራት በአብዛኛው ጥፋቱ የዲናሞ ወይም የቺንጋ ነው። ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም በሚያዞርባቸው ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ሙቀቱ ወዲያው ይከተላል። የፍሬን መብራት የእጅ ፍሬን ከተለቀቀ በኋላ ካልጠፋ የፍሬን ዘይት ጎድሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ ዝቅ ስለሚል፣ ሞልቶ ዝም ማለት ምልክቱን መደበቅ ነው።

የሙቀት መብራት በዚህ አካባቢ የተለየ ክብደት አለው። ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ከብዙ ሞተሮች መደበኛ የሥራ ሙቀት ብዙም አይርቅም፤ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ የደከመና ኩላንት ሳይሆን ተራ ውሃ የተሞላ መኪና፣ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት በጀመረው የፍጥነት መንገድ ከአዳማ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሽቅብ ሲመለስ ይፈተናል። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መለኪያ የላቸውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ያሳያሉ። ጠዋት የሚታየው ሰማያዊ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል።

ቢጫው ቼክ ኢንጅን ብዙ ምክንያት አለው፤ ከላላ የነዳጅ ክዳን እስከ ተበላሸ ሴንሰር ይደርሳል። ሳይቋረጥ ከበራ መኪናው ጋራዥ ይደርሳል፤ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ካታሊስቱን ሊያቃጥል ይችላል። በኮምፒውተር የሚነበበው ኮድ የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ የትኛው ዕቃ መቀየር እንዳለበት አይወስንም። ኮዱን አጥፍቶ መሸኘት ጥገና አይደለም።

ከጅቡቲ ጭነው ቃሊቲ ጉምሩክ በሚገቡት የናፍጣ ከባድ መኪኖች ላይ ሌላ ምልክት ይታያል። የነዳጅ ማጣሪያው ውሃ ሲይዝ የሚበራው መብራት ነው፤ ውሃው ካልተፈሰሰ የናፍጣ ፓምፑና አፍንጫዎቹ ይጎዳሉ። የተጠማዘዘ ሽቦ የሚመስለው ቢጫ ምልክት ደግሞ በትንንሾቹ የናፍጣ መኪኖች ላይ ይበዛል፤ በብርድ ጠዋት እስኪጠፋ ጠብቆ ማስነሳት ይገባል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። እነዚህ ሲነሱ ድምፅ ስለሌላቸው፣ ለመንዳት መዘጋጀታቸውን የሚናገረው «ሬዲ» የሚለው ጽሑፍ ወይም አረንጓዴ መብራት ነው። አንዳንዶቹ ስክሪናቸው በቻይንኛ ስለሚጽፍ ሹፌሩ የሚተማመነው በሥዕሎቹ ብቻ ነው። ቀዩ የባትሪ ሥዕል በእነሱም ላይ አለ፤ በአብዛኛው የሚያመለክተው ግን ትልቁን ባትሪ ሳይሆን አነስተኛውን የ12 ቮልት ነው። ይህ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም።