ፊርማው ገና ድምፅ አይደለም

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከንቲባ፣ የከተማ ምክር ቤት አባል ወይም የትምህርት ቦርድ አባል የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ በመራጩ ድምፅ ሊነሳ ይችላል። ሥርዓቱ ሪኮል ይባላል። ሎስ አንጀለስ በሐኪሙ በጆን ራንዶልፍ ሄይንስ ጉትጎታ እ.ኤ.አ. በ1903 ቻርተሯ ውስጥ አስገባችው፤ በ1911 የግዛቱ ሕገ መንግሥት ተቀበለው። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋልና ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ብዙ ሰው ሪኮልን የተሸናፊዎች መበቀያ አድርጎ ያጣጥለዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። መራጩ ከአንዱ ምርጫ እስከ ቀጣዩ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ ሌላ ምን አለው?

ኦክላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን በ2024 በዓይናቸው አይተውታል። ከንቲባ ሼንግ ታኦ ሥራ በጀመሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኖቬምበሩ ምርጫ ከመራጩ 60 ከመቶ ያህሉ «ይነሱ» አለ። ያን ሰሞን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያገኘኋቸው አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ያኔ ፈርሜያለሁ፤ አሁን ደግሞ ለምን ምረጪ ይሉኛል?» አሉኝ።

«እማማ፣ ያኔ የፈረሙት ጉዳዩ ለሕዝብ ይቅረብ ብለው ነው። መነሳት አለመነሳታቸውን የሚወስኑት አሁን ነው።»

«እንግዲያ ፈርሜም ቢሆን አይነሱ ማለት እችላለሁ?»

«ይችላሉ።»

ይህን የማያውቁት እኚያ እናት ብቻ አይደሉም። ከገበያ ደጃፍ የሚያስፈርምበትን ወረቀት ይዞ የሚቆመው ልጅ ባለሥልጣኑን የሚያወርደው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ በዚህ ፈርቶ ሳይፈርም ያልፋል፤ ሌላው ፈርሞ ነገሩ አለቀ ብሎ በምርጫው ቀን ቤቱ ይቀራል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል።

ወረቀቱንም ሳያነቡ መፈረም ነውር ነው። ሪኮል የሚጠይቁት ሰዎች በሚያቀርቡት ማስታወቂያ ላይ ምክንያታቸውን ከ200 ባልበለጠ ቃል ይጽፋሉ። ባለሥልጣኑ ማስታወቂያው በቀረበ በሰባት ቀን ውስጥ በዚያው ልክ መልስ መስጠት ይችላል፤ መልሱም እዚያው የሚፈረምበት ወረቀት ላይ ይታተማል። ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ቆመው እየተናገሩ ሁለት ደቂቃ ለማንበብ መሰልቸት ምን ይሉታል? ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም የሚለውን በካሊፎርኒያ የሚመዝን ዳኛ የለም፤ ሕጉ ሚዛኑን ለመራጩ ትቶታል። ሲያትል ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድ እንዲህ አይደለም፤ በዋሽንግተን ግዛት ፊርማ ከመሰብሰቡ በፊት ክሱ በቂ መሆኑን ፍርድ ቤት ያያል።

ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግ በመራጩ ብዛት ይወሰናል። ከ1,000 ያነሰ የተመዘገበ መራጭ ባለበት ቦታ 30 ከመቶ በ40 ቀን፣ እንደ ኦክላንድ ከ100,000 በላይ ባለበት ደግሞ 10 ከመቶ በ160 ቀን መሰብሰብ አለበት። ከዚያ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ፊርማዎቹን ከምዝገባው ጋር ያመሳክራል። ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላሳደሰ፣ ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት ያላገኘ፣ ፊርማው አይቆጠርም፤ ሁለት ጊዜ የፈረመም አንዱ ብቻ ይቆጠርለታል። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ መፈረምማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ቤት የቀየራችሁ ሁሉ፣ ምዝገባችሁን አስተካክሉ!

ሥራ የጀመረ ባለሥልጣን የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት አይነካም፤ የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረውም እንዲሁ።

ከ2023 ወዲህ በአካባቢ ባለሥልጣናት ሪኮል የድምፅ መስጫው ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይነሳ ወይስ አይነሳ። ተተኪ ዕጩ አብሮ አይቀርብም። ለዚህ ነው ኦክላንድ ታኦን ካነሳች በኋላ በኤፕሪል 2025 ለብቻው ሌላ ምርጫ አድርጋ ባርባራ ሊን የመረጠችው። መንበሩን ለማስለቀቅ የወጣ መራጭ ለመሙላትም ተመልሶ መውጣት ነበረበት።

ፈርሞ የተጸጸተም መላ አለው። ወረቀቶቹ ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ከመቅረባቸው በፊት ስሙንና አድራሻውን ጽፎ፣ ፈርሞ ካመለከተ ፊርማው ይሰረዝለታል።