ጠጕርን ከቆዳ የሚፈታው ረቂቅ ሠራተኛ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ወደ አዲ አርቃይ የወረደ መንገደኛ ወደ ዋልድባ ገዳም መዳረሻ እንደ ቀረበ ያውቃል፤ በዚህም አገር የፍየል ሌጦ ከሸቀጥነቱ አስቀድሞ የቅዱሳት መጻሕፍት ማኅደር ነበረና፥ ብራና ፋቂው ሌጦውን በውሃ ዘፍዝፎ፥ ወጥሮም ሥጋውንና ጠጕሩን በስለት ሲፍቅ፥ መርዘኛ ቅመም አላሻውም።

የዛሬው ፋብሪካ ግን ቆዳና ሌጦ በገፍ ስለሚቀበል፥ ጠጕሩን የሚያወልቀው በኖራና በሶድየም ሰልፋይድ ነው። ሰልፋይዱ ጠጕሩን አሟሙቶ ጭቃ ስለሚያደርገው፥ ፍሳሹ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ከአሲድ ጋርም ቢገናኝ ሰው የሚገድል ጋዝ ያፈልቃል። ብዙ ሰው ቆዳው በኋላ የሚለፋበትን ክሮም ብቻ ቢወቅስም፥ ከብክለቱ የሚበዛው እጅ የሚመነጨው ጠጕር ከሚወልቅበት ከዚህ ከመጀመሪያው ክፍል ነው።

መድኃኒቱ ኢንዛይም ነው፤ ይኸውም ሕያው ፍጡር ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላው የሚለውጥበት፥ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ረቂቅ ፕሮቲን ነው። የአውሮፓ ቆዳ አልፊዎች ለብዙ ዘመን ቆዳ የሚያለሰልሱት በውሻ ዓይነ ምድርና በርግብ ኵስ ነበር (የእኛን አልፊዎች የሚንቅ ሁሉ ይህን ይስማ)፤ ጀርመናዊው ኦቶ ሮም የዚያ ኃይል ምሥጢር ኢንዛይም መሆኑን ተረድቶ፥ ከእንስሳት ቆሽት የወጣ ምትክ አቀረበ።

ጠጕር በሚወልቅበት፥ ኖራ ባለበት ገንዳ ግን ተራ ኢንዛይም ይዳከማል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አማረ ገሠሠ ፊታቸውን እንደ ኖራው ገንዳ አልካላይ ወደ ሆኑት የስምጥ ሸለቆ ሶዳማ ሐይቆች መልሰው፥ በዚያ ሶዳ በበዛበት ውሃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ሲመረምሩ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፥ እንዲህ ያሉ ፍጡራን የዶሮ ላባ ተመግበው ሶዳን የሚቋቋም ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም እንደሚሰጡ አሳዩ። የሚጣል ላባ ውድ ዕቃ የሚያፈራ መኖ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ኢንዛይም ጠጕሩን አያሟሟም፤ ሥሩን የያዘውን ፕሮቲን ይፈታና ጠጕሩ እንዳለ ተለቅሞ ይወጣል፥ ሰልፋይዱም እጅግ ይቀንሳል። ልኩን ወይም ሰዓቱን ካለፈ ግን የሌጦውን ገጽ ይበላዋል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ይሻል። እንደ እኔ አስተያየት እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ በጠርሙስ የተፈተነውን ባክቴሪያ በትልልቅ ጋን ማራባት ገንዘብ ይጠይቃል፥ ሰልፋይድ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ርካሽ የሚመስለውም የወንዙን ጕዳት የፋብሪካው መዝገብ ስለማይቈጥረው ነው።